ደቻቱ የማይወስደው

ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከቀበሌው ደጃፍ
ሰው እመዘግባለሁ። ሙቀቱ እንደ ወናፍ
ፊቴ ላይ ይነፋል፤ ማሽኑም ይግልና
ይዘጋል፣ ይከፈታል እንደገና።
«ጣትዎን ይጫኑ። ዓይንዎን ይግለጡ።
ቀና ይበሉ እማማ፤ እሺ፣ አሁን ይቀመጡ።»
ይሄው ነው እንጀራዬ፣ የዕለት የዘወትሬ፤
ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ እስከ ለገሃሬ
ፀሐይ ያጠቆረውን፣ አገር የሚያውቀውን
«ማነህ?» ብዬ መጠየቅ፣
ስሙን ከነአያቱ፣ ጣቱን ከነመስመሩ ሰብስቦ መጠበቅ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ተራው የደረሰው
ዋበሪ ሮብሌ ነው፣ ያ ምድር ባቡር ሳለ «ሙሴ» የሚባለው፤
ቡሎን ሲያላላ፣ ቡሎን ሲያጠብቅ
ሠላሳ ስድስት ዓመት ነጎደበት ሳያውቅ።

አራቱን ጣት ጫነ፤ ማሽኑ ቀይ አበራ።
ጠረገና ጫነ፤ ደግሞ ቀይ አበራ።
ውሃ አስመጣሁለት፣ ቫዝሊን ቀባሁለት፤
ቀይ።
መስተዋቱ ላይ ያረፈው ጣት
እንደ ሐዲድ ልሙጥ ነው፣ አንድም መስመር የሌለበት።

«አቦ ተወው» አለኝ፤ «አሻራዬን ከፈለግህ
ዴፖ ሂድ፤ ዘበኛው ካስገባህ
እዚያ ቆሞ የዛገው የባቡሩ ራስ ላይ፣
ከየቡሎኑ ጥርስ ላይ
ታገኘዋለህ።»

ደንቡ ግን ደንብ ነው። «ሌላ ማስረጃስ አለ?
የሥራ ምስክር፣ ዲፕሎማ?»
«ነበረ» አለ።
«በዘጠና ስምንት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ በሌሊት
ደቻቱ መጣ። እኛ ቤት
ሳያንኳኳ ገባ። የጎረቤቴን ሦስት ልጆች ወሰደ።
ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀት ማሰብ ነውር ሆነብኝ» አለና ቁልቁል ሄደ
ዓይኑ፣ ወደ ደረቁ አሸዋ፣
ልጆች ኳስ ወደሚጠልዙበት።

እኔም ላጽናናው ብዬ፣ ሥልጠና ላይ የሰማሁትን
አወራሁት፤ ብሎክቼይን የሚሉትን፣
ሰንሰለቱን፦ «አሁን የሚጻፈው አንድ ሳጥን ውስጥ አይደለም፤
ሺህ ቦታ ነው ቅጂው፤ ጎርፍ አይወስደውም፣ ምስጥ አይበላውም፤
አንዱን ገጽ ልፋቅ ቢል ማንም
የተከተለው ገጽ ያሳብቅበታል።»

«ፉርጎ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። «እያንዳንዱ የፊተኛውን መንጠቆ ይዟል፤
መሃሉን ብትነካ ጅራቱ ይነግርሃል።
ግን አንድ ልጠይቅህ፤
ጅቡቲ ላይ አሸዋ ተጭኖ፣ ወረቀቱ ‹ስኳር› ካለ፣
ማኅተሙ ሳይነካ፣ ሽቦው እንዳለ
ድሬ ቢደርስ፣ መንገድ ላይ ስኳር ይሆናል?»

ዝም አልኩ። ላቤን፣ ሙቀቱ ነው ብዬ፣ ጠረግኩት።
ያንን አሸዋ አውቀዋለሁ፤ በገዛ እጄ ነው የጫንኩት።
ሁለት ኮርስ ሲቀረኝ ክፍያው አቃተኝ፤
አንድ ፎቶ ቤት ጓዳ በአራት ሺህ ብር የተሠራ ዲግሪ ነው
እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ፣
ከነወርቅ ቀለሙ፣ ከነፊርማው።
እኔን ማሽኑ አምኖኛል
በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ጣት፦ አረንጓዴ።
ትናንት ደብዳቤ መጣ፤ የሠራተኛው ማስረጃ ሁሉ በአንዴ
ይጣራል ይላል፣ ሰንሰለቱ ላይ ይሰፍራል፣ እስከ ኅዳር።
ኪሴ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ ስቀመጥ ይቆረቁረኛል እንደ ጠጠር።

ጣቱ ላለቀበት ሰው ደንቡ አንድ በር ትቷል፤
መዝጋቢው ራሱ፣ በራሱ ጣት፣ ይመሰክራል፦
ይህ ሰው እሱ ነው።
ጣቴን አነሳሁ። ከበደኝ። ወረፋው አጉረመረመ፤
«ኧረ ፍጠን ዋሪያ!» አለች አንዷ ከኋላ። ፀሐዩም ቆመ
አናቴ ላይ።

ጫንኩት።

አረንጓዴ።

የሱ እውነት በኔ ጣት አለፈ፤
በዚህ ጣት፤ ስሙም ከዚያ ከማይፋቀው ገጽ ሰፈረ፣ ተጻፈ።
«መንጠቆው ያዘ» አለኝ ዋበሪ፣ ጭብጨባ እንደሰማ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፤
ስለምን እንዳለው አልጠየቅኩትም፤ አፌ ደርቆ፣ ዓይኔ ማሽኑ ላይ ውሎ።
እጄን ጨበጠኝና ወጣ፣ ቡሎን እንደሚያስር ሰው፣ አጥብቆ።
«ቀጣይ!» ልል ነበር፤ ቃሉ ቀረ ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ።

አንድ ጎረምሳ ቀረበ። ገና ሳልጠይቀው
ስሙን ነገረኝ፣ ከነአያቱ።